ባንዱ መጣ፣ መንገዱ ግን አልተከፈተም

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ መንግሥት ዜጎቹን ምን ያህል እንደሚያምን ለማወቅ ሕገ መንግሥቱን ማገላበጥ አያስፈልግም። አንድ ቀላል ጥያቄ ይበቃል፦ አራት ጓደኛሞች የሚወዱትን ባንድ ለማየት ድንበር ተሻግረው፣ ሁለት ቀን ቆይተው፣ ወደ ቤታቸው መመለስ ይችላሉ ወይ?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ዳቦ፣ ጦርነትና ሥልጣን በሚነሳበት ቦታ ስለ ሙዚቃ ኮንሰርት ማውራት የጥጋብ ወሬ ሊባል ይችላል። ነገር ግን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ከ1961 እስከ 1989 ድረስ ለዚህች ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ኖረ። መጀመሪያ በዱላ ሞከረ። ቀጥሎ በፈቃድ ወረቀት ሞከረ። በመጨረሻም ባንዶቹን ራሱ ጋብዞ ሊያስታግሳት ሞከረ። አንዱም አልሠራለትም። ለምን እንዳልሠራለት ማየት ዛሬም ትምህርት አለው።

▪️ ወሬውን ያመኑ ልጆች

የበርሊን ግንብ ኦገስት 13 ቀን 1961 መሠራት ሲጀምር ሰው እንዳያልፍ ተደርጎ ነበር። የሬዲዮ ሞገድን ግን ሊያስቆም አልቻለም። ከምዕራብ በርሊን የሚተላለፈው ሙዚቃ በምሥራቅ በርሊን መኝታ ቤቶች፣ በላይፕዚግ የተማሪ ማደሪያዎች፣ በየገጠሩ ይደመጥ ነበር። የምዕራቡ ቴሌቪዥን የማይደርሰው የድሬስደን አካባቢና ጥቂት ሌሎች ቦታዎች ብቻ ነበሩ። ወጣቱ የባንዶቹን ስም፣ የጊታር ተጫዋቾቹን ፀጉር አቆራረጥ፣ የአዲሱን አልበም መውጫ ቀን ሳይቀር ያውቃል። ማየት ግን አይችልም።

በ1965 የላይፕዚግ ባለሥልጣናት የከተማዋን አብዛኞቹን የጊታር ባንዶች ከለከሉ። ኦክቶበር 31 ቀን ወጣቶች ይህን ለመቃወም መሀል ከተማ ወጡ። መፈክር እንኳን የያዘ እምብዛም አልነበረም። ፖሊስ በቆመጥ፣ በውሻና ውሃ በሚረጭ መኪና በተናቸው። ከ200 በላይ ታሰሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ወደ ከሰል ማውጫ ተልከው ጉልበት እንዲሠሩ ተደረገ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የፓርቲው መሪ ቫልተር ኡልብሪክት በማዕከላዊ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ የቢትልስን የ«የ-የ-የ» ዜማ በስም አንስተው አጣጣሉ። የአንድ አገር መሪ በአገሪቱ ከፍተኛ የፖለቲካ መድረክ ላይ ስለ ዘፈን አዝማች መናገሩ ጉዳዩ ምን ያህል እንዳስጨነቀው ይመሰክራል።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ወሬ ተነዛ። አንድ የምዕራብ በርሊን ሬዲዮ አቅራቢ እንደ ቀልድ የጣላት ቃል ነበረች፦ ሮሊንግ ስቶንስ ኦክቶበር 7 ቀን 1969 ከግንቡ አጠገብ ባለው የአክሰል ሽፕሪንገር ሕንፃ ጣሪያ ላይ ይጫወታሉ የምትል። ቀኑ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት 20ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ነበር። ወሬው ሐሰት ነው። ወጣቶቹ ግን ከያሉበት ተነስተው፣ ከሌላ ከተማ በባቡር ተሳፍረው፣ ጓደኛ ጓደኛውን ጠርቶ ወደ ግንቡ ተመሙ። ጣሪያው ላይ ማንም አልወጣም። በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ግን ታሰሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባላል። እነዚያ ልጆች ግንቡን ሊያፈርሱ አልመጡም። ከወዲህኛው ማዶ ሆነው፣ ሩቅ ጣሪያ ላይ የሚታዩ ነጥብ የሚያህሉ ሰዎችን አይተው ሊመለሱ ነበር የመጡት። ጠላት ያደረጋቸው የጠበቃቸው ፖሊስ ነው።

▪️ ወደ ባንድ የሚወስድ ባቡር

ታሪኩ የምሥራቅ ጀርመን ብቻ አልነበረም። በጎረቤት ቼኮዝሎቫኪያ በ1968 የሶቪየት ታንኮች ከገቡ በኋላ «ፕላስቲክ ፒፕል ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ» የሚባል ባንድ የሙያ ፈቃዱን ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ባንዱን ማየት የሚፈልግ ሰው የቃል መልእክት ጠብቆ፣ በባቡር ወደ ገጠር ተጉዞ፣ ከጣቢያ በእግሩ ሄዶ ነው የሚያገኘው። ማርች 30 ቀን 1974 በቼስኬ ቡዴዮቪትሴ ከተማ አጠገብ ሊካሄድ የታሰበውን ዝግጅት ለማየት ብዙ ወጣቶች ሄዱ። ፖሊስ ኮንሰርቱን አስቁሞ፣ ልጆቹን በባቡር ጣቢያው የመተላለፊያ ዋሻ ውስጥ በቆመጥ እየደበደበ ወደ ፕራግ መለሳቸው።

በ1976 የባንዱ ሰዎችና ጓደኞቻቸው ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ችሎቱን ሊከታተሉ ከመጡት መካከል ቫትስላቭ ሃቬል የሚባል ተውኔት ደራሲ ነበር። ሃቬልና ሌሎች ምሁራን ከዚያ ተነስተው በጃንዋሪ 1977 «ቻርተር 77» የተባለውን ሰነድ አወጡ። ሰነዱ መንግሥት ራሱ የፈረማቸውን የሰብአዊ መብት ስምምነቶች እንዲያከብር የሚጠይቅ ነበር። የባንድ አድናቂዎችን መደብደብ የተጀመረ ጊዜ ማንም ይህ የአገሪቱን የወደፊት ፕሬዚዳንት ወደ ፖለቲካ ይጎትታል ብሎ አላሰበም። ሃቬል በ1989 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነ።

▪️ የወረቀት ድንበር

የምሥራቅ ጀርመን ዜጋ ወደ ምዕራብ መሄድ የሚፈቀድለት በአብዛኛው ጡረታ ሲወጣ ነው። አመክንዮው ግልጽ ነው፦ ጡረተኛ ባይመለስ መንግሥት የሚያጣው ሠራተኛ የለም፤ እንዲያውም የጡረታ ክፍያ ይተርፈዋል። ለወጣት የቀረው ዓለም ወደ ምሥራቅ ያለው ብቻ ነበር።

ከ1972 ጀምሮ ወደ ፖላንድና ወደ ቼኮዝሎቫኪያ በመታወቂያ ብቻ መግባት ተፈቀደ። በ1980 በፖላንድ የሶሊዳሪቲ የሠራተኛ ማኅበር ሲነሳ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ያንን በር መልሶ ዘጋው። ወደ ሃንጋሪ ለመሄድ ደግሞ ከፖሊስ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት ያስፈልጋል። ፖሊስ ሊከለክል ይችላል፤ ለምን እንደከለከለ የማስረዳት ግዴታ ግን የለበትም። ወረቀቱ ቢገኝ እንኳን የሚመነዘረው ፎሪንት በመጠን ነው። ስለዚህ ተጓዦቹ የታሸገ ምግብ፣ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ተሸክመው፣ በድሬስደን፣ በፕራግና በብራቲስላቫ አድርገው ቡዳፔስት ይደርሳሉ። በሻንጣቸው ምግብ የሚያጭቁት ከስስት አልነበረም፤ ያለቻቸው ጥቂት ፎሪንት ለሸክላ፣ ለጂንስና ለኮንሰርት ቲኬት እንድትተርፍ ነው።

ለምን ቡዳፔስት? በሃንጋሪም ያው አንድ ፓርቲ፣ ያው የሶቪየት ጦር ነበር። ነገር ግን የ1956ቱ አመፅ በደም ከታፈነ በኋላ የያኖሽ ካዳር መንግሥት ሕዝቡን የሚያረጋጋበት ሌላ ዘዴ ቀየሰ። የባህል ጉዳዮች ሹሙ ጂዮርጂ አትዜል ጥበብን በሦስት ይከፍል ነበር፦ የሚደገፍ፣ የሚታለፍ፣ የሚከለከል። የሮክ ሙዚቃ ቀስ በቀስ «የሚታለፍ» ውስጥ ገባ። መንግሥቱ አልወደደውም፤ ግን አየው፣ አስላው፣ አሳለፈው። የእንግሊዙ አይረን ሜይደን በ1984፣ ዴፔሽ ሞድ በ1985 ቡዳፔስት ተጫወቱ። ዜናው በሶሻሊስት አገሮች ወጣቶች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ።

▪️ ጁላይ 27 ቀን 1986

ከዚያ ኩዊን መጡ። ኔፕስታዲዮን፣ ማለትም የሕዝብ ስታዲየም፣ በ1953 የሶሻሊዝም ኩራት ተብሎ የተሠራ ነው። በዚያ ምሽት 80 ሺህ ገደማ ሰው ገባበት። ሃንጋሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከቼኮዝሎቫኪያ፣ ከፖላንድ በባቡርና በትንንሽ መኪና የመጡም ነበሩ። ባንዱ ከቪየና ተነስቶ በዳኑብ ወንዝ ላይ በፈጣን ጀልባ ነው ከተማዋ የገባው። እነዚያ ተጓዦች ሊረግጡት የማይችሉት ከተማ፣ ቪየና፣ በዚያው ወንዝ ላይ የጥቂት ሰዓት መንገድ ብቻ ነበር።

በዝግጅቱ መሀል ፍሬዲ መርኩሪ እያንዳንዱ የሃንጋሪ ልጅ የሚያውቀውን አንድ የቆየ የሕዝብ ዜማ ዘፈነ። ግጥሙን መዳፉ ላይ ጽፎት ስለነበር እጁን እያየ ነው የሚዘፍነው። ስታዲየሙ ከእሱ ጋር አብሮ ዘመረ። የሃንጋሪ የፊልም ባለሙያዎች ምሽቱን ከብዙ ማዕዘን ቀረጹት፤ ፊልሙ ዛሬም ይታያል። ከ13 ቀን በኋላ፣ ኦገስት 9 በእንግሊዝ ኔብወርዝ የተደረገው ዝግጅት መርኩሪ ከኩዊን ጋር የተጫወተበት የመጨረሻው ኮንሰርት ሆነ። በ1991 አረፈ። ወረቀቱ ተከልክሎ ቡዳፔስት ሳይደርስ የቀረ ሰው «በሚቀጥለው አየዋለሁ» የሚልበት ሌላ ጊዜ አልነበረም።

ለመጓዝ የታደሉት ግን ከሙዚቃው ሌላ አንድ ነገር አይተው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ቡዳፔስት እንደነበረች ነበረች። ትራሞቹ ይሄዳሉ፣ ፓርቲው በቦታው አለ፣ ሰማይ አልተደፋም። 80 ሺህ ሰው ጮኾ፣ ዘፍኖ፣ ወደየቤቱ ገባ። ታዲያ በእነሱ አገር ይህ የሚከለከለው ለምንድን ነው? ሶሻሊዝም ስለማይፈቅድ ነው የሚባለው ምክንያት እዚያው ስታዲየም ውስጥ ውድቅ ሆነ። የሚከለክለው ሥርዓቱ ሳይሆን የገዛ አገራቸው ሹማምንት ፍርሃት እንደሆነ ለመረዳት ንግግር መስማት አላስፈለጋቸውም። የባቡር ቲኬትና የአንድ ሌሊት ኮንሰርት በቂ ነበር።

መንግሥታት ጉዞን የሚፈሩበት ትክክለኛው ምክንያት ይህ ነው። ሰው ሌላ አገር ሲያይ የራሱን ከሌላው ጋር ያመዛዝናል። ከጓደኞቹ ጋር ሲያይ ደግሞ ተመልሶ የሚያወራው ሰው፣ «አንተም አይተሃል» የሚለው ምስክር ያገኛል።

▪️ «ከሄዱ ይልቅ እናምጣላቸው»

ጁን 6 ቀን 1987 ዴቪድ ቦዊ በምዕራብ በርሊን፣ ከግንቡ ጥቂት ርቀት ላይ፣ በራይክስታግ ሕንፃ ፊት ለፊት ተጫወተ። በማግስቱ ዩሪትሚክስ፣ በሦስተኛው ቀን ጄኔሲስ ቀጠሉ። ድምፁ ግንቡን ተሻግሮ ይሰማል። በምሥራቁ በኩል ወጣቶች ዑንተር ዴን ሊንደን ጎዳና ላይ ተሰበሰቡ። ፖሊስ ገፋቸው፣ እነሱም መልሰው ገፉ፤ በሦስተኛው ቀን ግጭት ሆነ፣ ብዙዎች ታሰሩ። «ግንቡ ይነሳ» የሚል ጩኸት ተሰማ። የ1969ኞቹ ልጆች አንድ ጣሪያ ለማየት ብቻ ነበር የመጡት። ከ18 ዓመት በኋላ የመጡት ግን ስለ ግንቡ ራሱ መጮህ ጀምረው ነበር።

የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣናት ከዚህ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ፦ ወጣቱ የተራበው ሙዚቃ ነው፤ ሙዚቃውን ብንሰጠው ይጠግባል። የነፃ ጀርመን ወጣቶች ማኅበር የሚባለው የፓርቲው ክንፍ ባንዶችን መጋበዝ ያዘ። ሴፕቴምበር 1987 ቦብ ዲላን በትሬፕቶ ፓርክ ተጫወተ። ማርች 7 ቀን 1988 ዴፔሽ ሞድ ምሥራቅ በርሊን መጡ። አዳራሹ የሚይዘው ጥቂት ሺህ ሰው ነው፤ ቲኬቱን የሚያድለው ማኅበሩ ራሱ ነው። ለታማኝ አባላት የተሰጠው ቲኬት በጥቁር ገበያ ለእውነተኛ አድናቂዎች በውድ ተቸበቸበ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ፣ ቲኬት ያላገኙ ልጆች በብርዱ ደጅ ቆመው አደመጡ።

ትልቁ ግን ጁላይ 19 ቀን 1988 ነበር። አሜሪካዊው ብሩስ ስፕሪንግስቲን በቫይሰንዜ የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ተጫወተ። ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተገኘ። አዘጋጆቹ ቲኬቱ ላይ «ኮንሰርት ለኒካራጓ» ብለው አትመውበት ነበር። ስፕሪንግስቲን ይህን ሲያውቅ ተቆጣ። በዝግጅቱ መሀል በጀርመንኛ አጭር ቃል ተናገረ፦ ለየትኛውም መንግሥት ለመደገፍ ወይም ለመቃወም እንዳልመጣ፣ ሙዚቃ ሊጫወትላቸው እንደመጣ፣ አንድ ቀን መሰናክሎች ሁሉ እንደሚነሱ ተስፋ እንደሚያደርግ። ሊናገር ያሰበው ቃል «ግንቦች» የሚል ነበር፤ አዘጋጆቹን ላለማስጨነቅ በመጨረሻዋ ደቂቃ ወደ «መሰናክሎች» ተለወጠ። ያን ያህል ሕዝብ ግን የትኛው መሰናክል እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አልፈለገም።

የመንግሥቱ ስሌት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ እንዲሉ፣ ኮንሰርት በኮንሰርት ላይ ቢደረብም ጥያቄው አልተነካም። ባንዱ ሲመጣ ማን እንደሚመጣ የሚመርጠው ፓርቲው ነው፤ ቲኬቱን የሚያድለው ፓርቲው ነው፤ ዝግጅቱ ለማን መታሰቢያ እንደሚሆን የሚወስነው ፓርቲው ነው። ወጣቶቹ የተመኙት መርጦ መሄድን ነበር፤ የተሰጣቸው ተመርጦ የመጣላቸውን ማየት ነው። ባንዱ መጣ፣ መንገዱ ግን አልተከፈተም። እንዲያውም ስፕሪንግስቲን በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ፣ እሱ በሄደበት መንገድ እነሱ መሄድ እንደማይችሉ ይበልጥ ታያቸው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1988፣ ያው ስፕሪንግስቲን ከስቲንግ፣ ከፒተር ጋብሪኤል፣ ከትሬሲ ቻፕማንና ከሴኔጋሉ ዩሱ ንዱር ጋር በቡዳፔስት ኔፕስታዲዮን ተጫወተ። ጉዞው የሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን 40ኛ ዓመት ለማክበር በአምነስቲ ኢንተርናሽናል የተዘጋጀ ነበር። የመግለጫው አንቀጽ 13 ማንኛውም ሰው የራሱን አገር ጨምሮ ከማንኛውም አገር የመውጣት፣ ወደ አገሩም የመመለስ መብት አለው ይላል። ሃንጋሪ በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ ጀምሮ ለዜጎቿ ወደ መላው ዓለም የሚያስኬድ ፓስፖርት መስጠት ጀምራ ስለነበር ኮንሰርቱን ያለ ሐፍረት ማስተናገድ ችላለች። ምሥራቅ በርሊን ግን ያንኑ ዘፋኝ ብታስተናግድም ያንን አንቀጽ ልታስተናግድ አልቻለችም።

▪️ መንገዱ ያው ነበር

ሜይ 2 ቀን 1989 ሃንጋሪ ከኦስትሪያ ጋር የሚያዋስናትን የሽቦ አጥር መንቀል ጀመረች። በዚያ በጋ የምሥራቅ ጀርመን ወጣቶች እንደወትሮው ድንኳናቸውን ይዘው ወደ ሃንጋሪ ወረዱ። መንገዱ አዲስ አልነበረም። ለዓመታት ለሐይቅ ዳር ዕረፍት፣ ለሸክላ፣ ለኮንሰርት የተመላለሱበት ያው ባቡር፣ ያው ጣቢያ፣ ያው የድንኳን ሰፈር ነው። የተለየው መድረሻው ነው። ኦገስት 19 ቀን በሾፕሮን ከተማ አቅራቢያ «የፓን አውሮፓ ሽርሽር» በተባለ ዝግጅት ላይ የድንበሩ በር ለአጭር ጊዜ ሲከፈት ከ600 በላይ የምሥራቅ ጀርመን ሰዎች ወደ ኦስትሪያ አለፉ። ሴፕቴምበር 11 ቀን ሃንጋሪ ድንበሩን ጨርሳ ከፈተችላቸው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጡ።

በ1986 ወደ ቡዳፔስት የሄዱት ወጣቶች ኮንሰርታቸውን አይተው ተመልሰዋል። በ1989 የሄዱት አልተመለሱም። የሚመለስን ሰው እንዳይሄድ የከለከለ መንግሥት በመጨረሻ የማይመለስ ሰው አፈራ።

ኦክቶበር 3 ቀን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ወደ ቼኮዝሎቫኪያ የሚወስደውን የመጨረሻ ነፃ በር ዘጋ። ከስድስት ቀን በኋላ በላይፕዚግ 70 ሺህ ገደማ ሰው አደባባይ ወጣ። ይህች ከ24 ዓመት በፊት የጊታር ባንድ ስለተከለከለባቸው የወጡ ልጆች የተደበደቡባት ከተማ ናት። በዚህኛው ጊዜ ፖሊስ አልደበደበም።

ኖቬምበር 9 ምሽት የፓርቲው ቃል አቀባይ ጉንተር ሻቦውስኪ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ አንድ ወረቀት አነበቡ። ወረቀቱ ስለ ኢኮኖሚ አልነበረም፤ ስለ ምርጫም አልነበረም። አዲስ የጉዞ ደንብ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ሲጠየቁ ወረቀታቸውን አገላብጠው፣ እሳቸው እስከሚያውቁት ድረስ ወዲያውኑ እንደሆነ መለሱ። በዚያች ሌሊት ሕዝቡ ወደ ቦርንሆልመር ጎዳና ኬላ ጎረፈ፣ ኬላው ተከፈተ። ግንቡ የወደቀው በጉዞ ጥያቄ ላይ ነው።

ይህ ሲባል ግንቡን ጊታር ጣለው ማለት አይደለም። የሶቪየቱ ጎርባቾቭ ታንክ ላለመላክ ባይወስኑ፣ የምሥራቅ ጀርመን የውጭ ዕዳ ባይከመር፣ የፖላንድ ሠራተኞች ቀድመው መንገዱን ባይጠርጉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ የጸሎት ስብሰባዎች ባይኖሩ ነገሩ በዚያ መልኩ አይሆንም ነበር። በግንቡ ላይ ቢያንስ 140 ሰው ሕይወቱን አጥቷል፤ ያንን ወደ ዘፈን ታሪክ ማሳነስ ነውር ነው። ኮንሰርቶቹ የሠሩት ሥራ ሌላ ነው። ፖለቲካ የማይፈልገውን፣ ስብሰባ የሚሰለቸውን፣ መፈክር ይዞ የማያውቀውን ተራ ወጣት ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት አገናኙት። መብት የሚባለውን ረቂቅ ነገር በቲኬት፣ በባቡርና በጓደኛ ቋንቋ አስረዱት።

ሮሊንግ ስቶንስ በመጨረሻ ኦገስት 13 እና 14 ቀን 1990 ምሥራቅ በርሊን መጥተው ስፕሪንግስቲን በተጫወተበት በዚያው በቫይሰንዜ ሜዳ ተጫወቱ። የ1969ኙ ሐሰተኛ ወሬ ከ21 ዓመት በኋላ እውነት ሆነ። ኦገስት 18 ደግሞ ፕራግ ላይ ፕሬዚዳንት ሃቬል በሚመሯት አገር ከ100 ሺህ በላይ ሰው አያቸው። በዚህ ጊዜ ግን ከምሥራቅ በርሊን ተነስቶ እነሱን ለማየት ወደ ለንደን ወይም ወደ ፓሪስ መሄድ የሚፈልግ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ደጅ መጥናት አላስፈለገውም። አንድ ኮንሰርት ተራ መዝናኛ የሚሆነው ያኔ ነው።

▪️ የማርክስ ሐውልትና የዋልያስ ባንድ

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ የራቀ አይደለም። የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆነከር በኖቬምበር 1979 አዲስ አበባ መጥተው የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል። በ1984 ምሥራቅ ጀርመን የሰጠችው የካርል ማርክስ ሐውልት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ቆሟል። ከዚያች አገር የመጣው ድንጋይ ብቻ አልነበረም፤ የደኅንነት ሥልጠናና ድጋፍም ነበር።

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ሌሊቷን ተቀማች። በሆቴሎች የሚጫወቱ ባንዶች ሰዓት እላፊው እስኪነሳ እስከ ንጋት ድረስ ይጫወታሉ፤ ሊያይ የመጣው ሰውም እዚያው ያድራል። ባንድ ለማየት ድንበር መሻገር ቀርቶ መንገድ መሻገርም በሰዓት የተወሰነ ነበር። ከአገር ለመውጣት ደግሞ የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1981 ዋልያስ ባንድ ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ጥቂት አባላቱ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ። እዚህም ሕጉ ያው ነበር፦ መሄድና መመለስ ሲከለከል፣ የሄደ አይመለስም።

ከዚያ ትውልድ በኋላ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አድማጭ ተጓዥ ሆነ። ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ሰሞን ከየግዛቱ ጓደኛሞች ተጠራርተው የሚበሩት ለኳሱ ብቻ አይደለም፤ ማታ ማታ ለሚዘፍነው ዘፋኝም ነው። በአገር ቤት ሆኖ ማየት ያልቻሉትን በሰው አገር በአውሮፕላን ተሳፍረው አዩት።

▪️ መስኮቱ ዛሬም አለ

የኢትዮጵያ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። የመውጫው በር በሕግ ተከፍቷል። የመግቢያው በር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ አሰጣጥን አጠበቀ፤ መደበኛው የማመልከቻ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ምክንያቱ የአዲስ አበባ ወጣት የሠራው ጥፋት ሳይሆን ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ጉዳይ ላይ በመንግሥታት መካከል የተፈጠረ አለመግባባት ነው። በዚያው ዓመት ጁን የማመልከቻ ክፍያው 90 ዩሮ ሆነ፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። ዜጋውን እንዳይወጣ ተኩሶ የሚገድል ግንብና እንግዳን የሚያጣራ ቢሮ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ነገር ግን ይጋራሉ፦ ሁለቱም «ለምን ትሄዳለህ?» ብለው ሲጠይቁ «ጓደኞቼ እዚያ አሉ፣ የምንወደው ባንድ ይጫወታል፣ አይተን እንመለሳለን» የሚለውን መልስ አያምኑም። ነጋዴ ውል ያሳያል፣ ተማሪ የቅበላ ደብዳቤ ያሳያል፣ ታማሚ የሐኪም ማስረጃ ያሳያል። የደስታ ማስረጃ ግን ከየትኛውም መሥሪያ ቤት አይገኝም። ስለዚህ ድሃ አገር የተወለደ ሰው ሲጓዝ ሁልጊዜ ከባድ ምክንያት ይዞ መገኘት አለበት፤ ቀላል ምክንያት የሀብታም አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው መብት ሆኗል። ከበርሊን የሚነሳ አድናቂ ዛሬ ኃይሉ መርጊያን ለማየት ወደ ሌላ አገር ለመብረር የሚያስፈልገው ቲኬት ብቻ ነው። የኃይሉ የአገሩ ልጅ ግን በርሊን ሲጫወት ልየው ቢል የባንክ ሒሳቡን፣ የሥራ ደብዳቤውንና የመመለሻ ዋስትናውን ይጠየቃል።

የምሥራቅ ጀርመን ሹማምንት 28 ዓመት ሙሉ የደከሙት ወጣቱ ምን እንደሚሰማ ለመቆጣጠር ነበር። ያልገባቸው ነገር ሰው የተጓዘበትን ከተጓዘበት ምክንያት ለይቶ እንደማያየው ነው። ለወጣቱ ኮንሰርቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ድንኳኑ፣ አብሮት የሄደው ጓደኛ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ነፃነት የሚለካው ሰው ለትልቅ ጉዳይ እንዲሄድ ሲፈቀድለት አይደለም፤ ለትልቅ ጉዳይማ አምባገነንም ይፈቅዳል። የሚለካው ለትንሽ ጉዳይ፣ ለአንድ ምሽት ዘፈን፣ ማንንም ሳያሳምን ሄዶ መመለስ ሲችል ነው።